በአንድ ጉዞ አራት ጉዳይ፦ የኦልድ ስኩል ሩንስኬፕ ተልእኮዎች መመሪያ ለጀማሪ

ሩንስኬፕ የሚባለውን፣ ብዙ ሰው በኢንተርኔት በአንድ ዓለም የሚጫወተውን ጨዋታ ያወቅሁት ደቂቃ እየተቆጠረ በሚከፈልበት ኢንተርኔት ቤት ነው። የግድግዳው ሰዓት ይሮጣል፣ የእኔ ገጸ ባሕርይ ያዘግማል። እንቁላል ላመጣ ሄጄ ወተቱን ረስቼ እመለሳለሁ። ወተቱን ላመጣ ስሄድ ደግሞ ባልዲው ግንቡ ውስጥ ቀርቷል። በሃያ ደቂቃ የምታልቀውን ተልእኮ ለመጨረስ የሁለት ሰዓት ሒሳብ ከፈልሁ። የድሮ ሲራራ ነጋዴ ቢያየኝ ይስቅብኝ ነበር፤ ቡና ጭኖ የወረደ አጋሰስ ባዶውን አይመለስማ። ከዚያ ወዲህ ከረጢቴን ሳላይ ከአንድ መንደር ወደ ሌላው ተነሥቼ አላውቅም። ይህም መመሪያ የተሰናዳው በዚያው በነጋዴው ሥርዓት ነው፦ መንገዱን አንድ ጊዜ ትሄዳላችሁ፣ ጉዳዩን ግን ሦስት አራት አድርጋችሁ ትፈጽማላችሁ።

የጨዋታውን ታሪክ በአጭሩ ልንገራችሁ። ሩንስኬፕን አንድሩ ጋወር ከወንድሞቹ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በጥር 2001 ለሕዝብ አወጣው። ዛሬ የሚያስተዳድረው በእንግሊዝ አገር ካምብሪጅ የሚገኘው ጃጌክስ ነው። ጨዋታው በየጊዜው ሲለዋወጥ የድሮው የናፈቃቸው ተጫዋቾች በዙ፤ ድምፅ ተሰጠና እ.ኤ.አ. በየካቲት 2013 ከነሐሴ 2007 በተቀመጠ ቅጂ ላይ ተመሥርቶ ኦልድ ስኩል ሩንስኬፕ ተከፈተ። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2018 ጀምሮ በስልክም ይሠራል። በኮምፒውተር የጀመራችሁትን ታክሲ ውስጥ በስልክ ትቀጥላላችሁ፤ አካውንቱ አንድ ነው።

ለእኛ አገር ኢንተርኔት የሚስማማበት ምክንያትም አለው። ይህ ጨዋታ በየ0.6 ሰከንዱ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ትእዛዝ የሚቀበለው። ጣት ፈጥኖ የሚያሸንፍበት የተኩስ ጨዋታ ስላልሆነ መስመሩ ትንሽ ቢዘገይ አትጎዱም። አሮጌ ኮምፒውተርም ይሸከመዋል።

ከመነሣት በፊት

አካውንት መክፈት በነጻ ነው። ወርኃዊ ክፍያ የሚጠይቀው ሰፊው ክፍል አለ፤ እዚህ የምጽፈው ግን ሁሉ በነጻው ክፍል የሚሠራ ነው። አካውንቱን እንደከፈታችሁ ሁለተኛውን ማረጋገጫ በስልካችሁ አብሩ። በኋላ ባንክ ስታገኙ ደግሞ ባለአራት አኃዝ የባንክ ምስጢር ቁጥር አድርጉ። ይህንን ነገ አደርገዋለሁ ያለ ሰው የወራት ድካሙን በአንድ ሌሊት ሲያጣ አይቻለሁ።

ቀጥሎ ሰርቨር ምረጡ። ዎርልድ ይሏቸዋል፤ እያንዳንዱ ቁጥር አለው፣ በዝርዝሩ ላይም የሚገኝበት አገር ባንዲራ ይታያል። ከኢትዮጵያ ለሚጫወት ሰው የጀርመኑና የእንግሊዙ ይቀርባሉ፤ የአሜሪካውና የአውስትራሊያው ይርቃሉ። ዋሽንግተን ካለ ዘመዳችሁ ጋር ለመጫወት ከፈለጋችሁ ሁለታችሁም አንድ ቁጥር ምረጡ፣ እዚያው ትገናኛላችሁ።

የመለማመጃዋን ደሴት አትዝለሉ ብዬ አልመክርም፤ መዝለልም አይቻልም። እዚያ ግን ሁለት ነገር ልብ ብላችሁ ያዙ። አንደኛው የተልእኮ ዝርዝሩ ነው፤ ያልተጀመረው በቀይ፣ የተጀመረው በቢጫ፣ ያለቀው በአረንጓዴ ይጻፋል። ቢጫውን ስትነኩት እስካሁን ያደረጋችሁትንና የቀራችሁን ይነግራችኋል። ሁለተኛው የዓለም ካርታው ነው፤ በትንሿ ካርታ አጠገብ ያለችውን ሉል ስትነኩ ይከፈታል። ተልእኮ የሚጀመርባቸው ቦታዎች ምልክት አላቸው።

ከረጢታችሁ 28 ቦታ ብቻ እንዳለው ከአሁኑ አስታውሱ። አንድ እንቁላል አንድ ቦታ ይይዛል፤ አንድ የብረት ጥሩርም እንዲሁ አንድ ቦታ ይይዛል። ሸክም ሲከብድ ደግሞ መሮጥ ቶሎ ያደክማል።

አንድ ነገር ልጨምር። ገጸ ባሕርያቱ የሚናገሩት በእንግሊዝኛ ነው፣ ብዙ ሰውም ንግግሩን ሳያነብ ያልፋል። አታድርጉት። የሚፈልጉት ዕቃ፣ የሚሄዱበት አቅጣጫ፣ አንዳንዴም ቀልዱ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው።

የመጀመሪያው ዙር፦ ላምብሪጅ

ከመለማመጃው ደሴት ስትወጡ ራሳችሁን የምታገኙት ላምብሪጅ ግንብ ላይ ነው። ወደ ወጥ ቤቱ ግቡ። ምግብ ሠሪው ተጨንቆ ቆሟል፤ የመስፍኑ የልደት ቀን ደርሷል፣ ለኬኩ ግን እንቁላል፣ ወተትና ዱቄት የለውም። እሺ በሉት። ከመውጣታችሁ በፊት ጠረጴዛው ላይ ያለውን ማሰሮ አንሡ፤ ከዚያ እዚያው ወጥ ቤት ወለል ላይ ያለውን መከለያ ከፍታችሁ ወደ ምድር ቤቱ ውረዱና ባልዲውን ያዙ። እኔን ሁለት ሰዓት ያስከፈለኝ ይህን አለማወቄ ነበር።

ከግንቡ ወጥታችሁ የላምን ወንዝ ድልድይ ወደ ምሥራቅ ተሻገሩ። በስተሰሜን የዶሮ ግቢ አለ፣ እንቁላሉ መሬት ላይ ተቀምጧል። ከዚያ አልፎ የላሞች መስክ ነው። እዚህ ላይ ጀማሪ ይሳሳታል፤ ሁሉም ላም አትታለብም። የምትታለበው አንዷ ለብቻዋ የቆመችው ናት፤ ስትነኳት የማለብ ምርጫ ይመጣል። ሌሎቹ ቢነኩ ውጊያ ነው። በዚያው ወንዝ ማዶ ጎብሊን የሚባሉ ትንንሽ ጭራቆች አሉ፤ ለጀማሪ ሰይፍ መሞከሪያ ይሆናሉ።

ድልድዩን ተመልሳችሁ ወደ ሰሜን ምዕራብ አቅኑ። መንገዱ ላይ መጀመሪያ የምታገኙት የገበሬው ፍሬድ ቤት ነው። በጎቼን ሸልቱልኝ፣ ሱፉንም ፈትላችሁ 20 ጥቅል ክር አምጡልኝ ይላል። ይህ ሁለተኛው ተልእኳችሁ ነው። መሸለቻው መቀስ ቤቱ ውስጥ ስለሚገኝ ከዚያ ውሰዱ። አሁን ግን በጎቹን ተዉአቸውና ትንሽ ወደ ሰሜን አልፋችሁ ወፍጮ ቤቱ ድረሱ።

ወፍጮ ቤቱን ትንሽ ላብራራው፤ ብዙ ሰው እዚህ ይታሰራል። ከጎኑ ካለው ማሳ አንድ ስንዴ ቅጠፉ። ወደ ላይኛው ፎቅ እስከ መጨረሻው ውጡ። ስንዴውን በወፍጮው አፍ ጨምሩት። ከዚያ አጠገቡ ያለውን ማንሻ ሳቡት። ማንሻውን ሳይስቡ የሚወርዱ ሰዎች ታች ያለው መቀበያ ባዶ ይሆንባቸዋል፤ ጨዋታው ተበላሽቷል ብለው ሲያማርሩም ሰምቻለሁ። ወፍጮ አንቀሳቃሽ ይፈልጋል፤ ጨዋታውም ይህን አይረሳም። ማንሻውን ከሳባችሁ በኋላ ምድር ላይ ወርዳችሁ ዱቄቱን በማሰሮው ቅዱ።

አሁን ከረጢቱን ቁጠሩ። እንቁላል፣ ወተት፣ ዱቄትና መቀስ አራት ቦታ ያዙ። ሃያ ሱፍ ሲጨመር 24 ይሆናል። ስለዚህ ይበቃል፤ ከሌላው የማያስፈልጋችሁን መሬት ላይ ጣሉና ወደ በጎቹ ተመለሱ። ቀንድ ያለው አውራ በግ አይሸለትም፣ አትድከሙ። ሃያው ሲሞላ ወደ ግንቡ።

ምግብ ሠሪውን ገላግሉት። አንድ የተልእኮ ነጥብና በማብሰል ሙያ 300 የልምድ ነጥብ ታገኛላችሁ። ከዚያ ደረጃውን አንድ ፎቅ ውጡ። መፍተያው መንኮራኩር እዚያ ነው፤ ሱፉን ሁሉ ፍተሉ። በዚያው ፎቅ መስፍን ሆራሲዮ ተቀምጧል። አነጋግሩት፤ አንድ ጠልሰም ይሰጣችሁና ለጠንቋዮቹ ማማ አለቃ ለሴድሪዶር አድርሱልኝ ይላችኋል። ሦስተኛው ተልእኮ ተጀመረ። ፍሬድ ክሩን እየጠበቀ ነው፤ ነገር ግን ለእሱ ብቻ ብለን ወደ ሰሜን አንመለስም። በኋላ በደጁ ማለፋችን አይቀርም፤ ክሩ ከረጢት ውስጥ ይቆይ።

ከግንቡ ወጣ ብላችሁ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ አባ ኤሬክን ጠይቁ። መቃብር ስፍራው ውስጥ ዕረፍት ያጣ መንፈስ አለ። ይህ አራተኛው ነው።

ሁለተኛው ዙር፦ ረግረጉ፣ ድሬይኖርና ማማው

አባ ኤሬክ ወደ አባ ኡርኒ ይልካችኋል። እኚህ ሰው ከላምብሪጅ በስተደቡብ ረግረጉ ውስጥ፣ በአንዲት ጎጆ ለብቻቸው የሚኖሩ ቁጡ መነኩሴ ናቸው። ጠባያቸውን ታግሣችሁ ከመንፈስ ጋር የሚያነጋግረውን ክታብ ተቀበሉ። ክታብና ጠልሰም በአንድ ከረጢት! ይህን ጨዋታ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ቢኖር ለእነዚህ ሁለት ዕቃዎች ቃል ፍለጋ መዝገበ ቃላት ባልገለጠ ነበር።

መጀመሪያ ወደ መቃብሩ ተመልሳችሁ መንፈሱን አነጋግሩ፤ ቅርብ ነው። ክታቡ ከረጢት ውስጥ መኖሩ አይበቃም፣ አንገት ላይ መታሰር አለበት። ሳታስሩ የሬሳ ሣጥኑን ከፍታችሁ ብታናግሩት የሚመልስላችሁ «ዉዉዉ» ብቻ ነው። ስታስሩት የራስ ቅሉ መሰረቁን ይነግራችኋል። ቅሉ ያለው ደግሞ ጠልሰሙን ልታደርሱበት ባላችሁ ማማ ምድር ቤት ውስጥ ነው። መንገዱን አንድ የሚያደርገው ይህ ነው።

ወደ ምዕራብ፣ ወደ ድሬይኖር መንደር ሂዱ። መንደሩ ባንክ አለው። ከማለፋችሁ በፊት የሞርጋንን ቤት ፈልጋችሁ አነጋግሩት፤ በአቅራቢያው ባለው የድሮ መኖሪያ ቤት ደም መጣጭ ሰፍሮ መንደሩን እያስጨነቀ ነው። ተልእኮውን ተቀበሉ። ፎቁ ላይ ካለው ቁም ሣጥን ነጭ ሽንኩርት አውጥታችሁ ያዙ። ውጊያው ገና ነው፤ ዛሬ የምንፈልገው መጀመሩን ብቻ ነው።

ከድሬይኖር በስተደቡብ ድልድዩን ተሻግራችሁ ማማው ውስጥ ግቡና በመሰላሉ ወደ ምድር ቤት ውረዱ። ሴድሪዶርን አነጋግሩት፣ ጠልሰሙን ተቀብሎ ለኦበሪ የሚደርስ ጥቅል ይሰጣችኋል። ኦበሪ ያለው በስተሰሜን ባለው ቫሮክ ከተማ ነው። ከዚያ በዚያው ምድር ቤት ካለው መሠዊያ ላይ ቅሉን አንሡ። ስታነሡት ደረጃ 13 የሆነ አጽም ይነሣባችኋል። አትዋጉት። ቅሉ ከረጢት ከገባ ሥራችሁ አልቋል፤ መሰላሉን ውጡ።

ወደ ላምብሪጅ በእግር አትመለሱ። በድግምት ዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ ያለው ወደ ቤት መመለሻ በነጻ ወደ ላምብሪጅ ይወስዳችኋል። በየ30 ደቂቃው አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራ ስለሆነ ለእንዲህ ያለው ጊዜ ማስቀመጥ ነው። በውጊያ መሃል ግን አይሠራም፤ ከአጽሙ ርቃችሁ ተጠቀሙበት። መቃብሩ ዘንድ ደርሳችሁ ቅሉን ሣጥኑ ውስጥ ስታደርጉ መንፈሱ ያርፋል። የምታገኙት 1,125 የጸሎት ልምድ ከአንደኛ ደረጃ በአንድ ጊዜ ወደ ዘጠነኛ ያወጣችኋል። አጥንት እየቀበሩ እዚያ ለመድረስ ምን ያህል ላም ማረድ እንደሚያስፈልግ አስቡት።

ሦስተኛው ዙር፦ ወደ ቫሮክ

አሁን ወደ ሰሜን ነን። ፍሬድን በደጁ ስናልፍ ሃያውን ክር ስጡት፤ ሌላ አንድ ነጥብና 150 የዕደ ጥበብ ልምድ ታገኛላችሁ።

ከቫሮክ ደቡብ በር ትንሽ ቀደም ብሎ በክብ የተተከሉ ድንጋዮች አሉ። ጥቁር ልብስ የለበሱት አስማተኞች እዚያ ናቸው፤ ደረጃቸው 7 እና 20 ነው፣ ሳትነኳቸው ይነኳችኋል። የመጀመሪያ ሞቴን የሞትሁት እዚያ ነው፣ ሁለተኛውንም እዚያው። አንድ ጭራቅ በራሱ ተነሣስቶ የሚያጠቃችሁ የእናንተ የውጊያ ደረጃ ከእሱ እጥፍ ካልበለጠ ነው። ስለዚህ ለጀማሪ መድኃኒቱ መዞር ነው። በምሥራቅ በኩል፣ በማዕድን ማውጫው አድርጋችሁ ግቡ። ዙሩ ደግሞ ባዶ አይደለም፤ ከማውጫው አጠገብ ሁለት ዓይነት ፍሬ ያላቸው ቁጥቋጦዎች አሉ። ካዳቫ የሚባለውን ፍሬ አንድ ልቀሙ። ቀዩንም አንድ ያዙ፤ ለወደፊት ይፈለጋል።

ቫሮክ ትልቅ ከተማ ነው፤ ጉዳያችሁን በቅደም ተከተል ያዙ። በደቡብ ምሥራቅ ያለውን የኦበሪን የሩን (ለድግምት የሚያገለግል ድንጋይ) ሱቅ አግኙና ጥቅሉን ስጡት፤ ለሴድሪዶር የሚመለስ ማስታወሻ ይሰጣችኋል። በደቡቡ በር አቅራቢያ ባለው የብሉ ሙን መጠጥ ቤት ዶክተር ሃርሎው የሚባል ሰካራም ተቀምጧል። ደም መጣጭ አዳኝ ነበረ፣ አሁን ግን ቢራ ካልቀመሰ አይናገርም። ከባንኮኒው ቢራ ገዝታችሁ ስጡት፤ ችካል ይሰጣችኋል። ከሸቀጣ ሸቀጥ ሱቁ መዶሻ ግዙ።

በመጨረሻም አደባባዩ ላይ ሮሚዮ ይጠብቃችኋል። ሮሚዮና ጁሊየት የተባለው ተልእኮ ውጊያ የለበትም፣ የሚሰጠው ግን አምስት ነጥብ ነው፤ በነጻው ክፍል ከዚህ የሚበልጥ ነጥብ የሚሰጥ ተልእኮ የለም። መመላለሱ እንዲህ ነው፦ ከሮሚዮ ወደ ጁሊየት፣ እሷ ያለችው ከአደባባዩ በስተምዕራብ ባለው ቤት ፎቅ ላይ ነው፤ ደብዳቤዋን ይዛችሁ ወደ ሮሚዮ፤ ከእሱ በሰሜን ምሥራቅ ወዳለው ቤተ ክርስቲያን ወደ አባ ሎውረንስ፤ ከእሳቸው በደቡብ ምዕራብ ወዳለው መድኃኒት ቀማሚ። ካዳቫውን ያልለቀመ ሰው እዚህ ላይ ከከተማ ወጥቶ ወደ ማውጫው ይመለሳል። እናንተ ይዛችኋል። መድኃኒቱን ለጁሊየት፣ ወሬውን ለሮሚዮ።

ቫሮክን ስትለቁ ወደ ሴድሪዶር የሚወስደው መንገድ በድሬይኖር አሮጌ መኖሪያ ቤት በኩል ያልፋል። እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር፦ ደም መጣጩ ደረጃ 34 ነው፣ እስካሁን ያልተዋጋ ሰው ይሞታል። ማስታወሻውን ለሴድሪዶር አድርሱና ሩን የሚሠራበት ድንጋይ የሚቆፈርበትን ስፍራ ይክፈትላችሁ፤ ከዚያ የውጊያ ደረጃችሁ ወደ 20 እስኪጠጋ ላሞቹ ላይ ተለማመዱ። ስትመለሱ ችካል፣ መዶሻና ነጭ ሽንኩርት ያዙ፣ የቀረውን ከረጢት የበሰለ ዓሣ ሙሉት። የፊት ለፊቱ በር ከኋላችሁ ይዘጋል፤ አትደንግጡ፣ መውጫው በምሥራቅ በኩል ነው። ሣጥኑ ያለው ምድር ቤት ነው። ሽንኩርቱ ያዳክመዋል፣ ችካሉን ደግሞ ሲሸነፍ ገጸ ባሕርያችሁ ራሱ በመዶሻው ይመታዋል። ሽልማቱ ሦስት ነጥብና 4,825 የማጥቃት ልምድ ነው። የማጥቃት ሙያ ገና አንደኛ ደረጃ ላይ ላለ ሰው ይህ ብቻውን ወደ 20 ያደርሰዋል፤ ስለዚህ ላሞቹ ላይ ስትለማመዱ ልምዱን በጉልበትና በመከላከል ላይ አውሉት፣ ማጥቃቱን ለዚህ ተዉት።

የጠልሰሙና የመንፈሱ ተልእኮም አንዳንድ ነጥብ አላቸው። ነጥቡን ደምሩት፦ 12 ሆነ። ሁለት ነገር ተከፈተላችሁ ማለት ነው። አዲስ ነጻ አካውንት በገበያው ላይ ገደብ አለበት፤ ገደቡ የሚነሣው 20 ሰዓት ሲጫወት፣ የሙያዎቹ ደረጃ ድምር 100 ሲሞላና 10 የተልእኮ ነጥብ ሲኖረው ነው። የነጥቡ ነገር አልቋል። ሁለተኛው የጥቁር ፈረሰኞች ምሽግ የሚባለው ተልእኮ ሲሆን የሚጠይቀው 12 ነጥብ ነው። ፋላዶር በሚባለው ከተማ ከነጭ ፈረሰኞች ግንብ ከሰር አሚክ ቫርዝ ይጀመራል። የነሐስ ቁርና የብረት ሰንሰለት ጥሩር ለብሳችሁ እንደ ዘበኛ ትገባላችሁ፣ የጠንቋይዋን ጎላ የምታበላሹት ደግሞ በአንድ ጥቅል ጎመን ነው። ጎመኑ ግን ከድሬይኖር መኖሪያ ቤት ግቢ የተነቀለው አይሆንም። ሽልማቱ ሦስት ነጥብና 2,500 ሳንቲም ነው።

ስለ ሞት፣ ስለ ሌባና ስለ መብራት

ብትሞቱ ዕቃችሁ በሞታችሁበት ቦታ መቃብር ውስጥ 15 ደቂቃ ይቆያል፣ ካርታው ላይም ይታያል። ፈጥናችሁ ሂዱ። ይህ ግን ኤጅቪል ከሚባለው መንደር በስተሰሜን ካለው ቦይ ማዶ አይሠራም። ያ ዋይልደርነስ ነው፤ እዚያ ተጫዋች ተጫዋችን ይገድላል። ውድ የሆኑት ሦስት ዕቃዎች ይቀሩላችኋል፣ የቀረውን ገዳዩ ይወስዳል። ቀድማችሁ ሌላውን ካጠቃችሁ ደግሞ ሦስቱም አይተርፉም። አንድ የማላውቀው ሰው «ና ወርቅ ያለበትን ላሳይህ» ብሎ ወደዚያ ጠርቶኝ ነበር፤ አያሳያችሁ።

ጥሩራችሁን ላሳምርላችሁ፣ ገንዘባችሁን እጥፍ ላድርግላችሁ የሚሉትም ያው ናቸው። ግብይት ሁለት መስኮት አለው፤ ሁለተኛውን ሳታነቡ አትቀበሉ።

መብራት ቢጠፋ ወይም መስመሩ ቢቋረጥ ውጊያ ላይ ያለ ገጸ ባሕርይ ወዲያው አይወጣም፣ እየተመታ ይቆያል። እኔ ኮምፒውተር ላይ ስሆን ከባድ ውጊያ የምጀምረው ስልኬ ዳታ እንዳለው አይቼ ነው፤ መብራት ሲሄድ በስልክ እገባለሁ።

መመሪያ ስለ መመልከትም አንድ ቃል። በትንሿ ካርታ አጠገብ የዊኪው፣ ማለት የጨዋታው መዝገበ ዕውቀት ድረ ገጽ፣ ቁልፍ አለ፤ ሁሉ ነገር እዚያ ተጽፏል። ሩንላይት የሚባለው ፕሮግራም ደግሞ የሚቀጥለውን እርምጃ በቀለም እየከበበ ያሳያል። ለመጀመሪያዎቹ ተልእኮዎች ሁለተኛውን ባታበሩት እመርጣለሁ። ዐሥር ደቂቃ ራሳችሁ ሞክሩ፣ ካቃታችሁ ዊኪውን ክፈቱ።

ከሌላ ሰው ጋር

የአራቭ ጋሻ የሚባለው ተልእኮ ብቻውን ለሚጫወት ሰው አይጨረስም። ቫሮክ ውስጥ ፊኒክስና ብላክ አርም የሚባሉ ሁለት የወንበዴ ቡድኖች አሉ፤ አንድ ተጫዋች ከአንዱ ብቻ ነው የሚገባው፣ ጋሻው ደግሞ ለሁለት ተከፍሎ አንዱ በእነዚህ፣ ሌላው በእነዚያ እጅ ነው። ስለዚህ ከወዳጃችሁ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፦ «አንተ ከፊኒክስ፣ እኔ ከብላክ አርም።» ሁለታችሁም አንድ ቡድን ከገባችሁ ሌላ ሰው መለመን ነው። ሁለት ባልንጀሮች በስልክ እየተደዋወሉ፣ አንዱ የጦር ማከማቻውን ቁልፍ ለሌላው ሲያቀብል ከማየት የሚያስቅ የለም።

ወደ ክራንዶር

የነጻው ክፍል የመጨረሻ ፈተና «ዘንዶ ገዳይ 1» የሚባለው ተልእኮ ነው፤ 32 የተልእኮ ነጥብ ይጠይቃል። እስከዚያ በመንገዳችሁ ላይ ያሉትን ሰብስቡ፤ በተለይ የፈረሰኛው ሰይፍ የሚባለውን አትለፉት። ዐሥረኛ የማዕድን ቁፋሮ ደረጃ ይፈልጋል። ድንኩ ቱርጎ አፉን የሚፈታው በቀይ ፍሬ ኬክ ነው፤ ቅድም የለቀማችሁት ለዚህ ነበር። ሽልማቱ 12,725 የቀጥቃጭነት ልምድ ነው፣ ከአንደኛ ደረጃ ወደ 29 ማለት ነው።

ዘንዶዋ ኤልቫርግ ትባላለች፤ ደረጃዋ 83 ነው፣ የምትኖረው ክራንዶር ደሴት ላይ ነው። ኤጅቪል ያለው ኦዚያክ እሷን ለገደለ ሰው ብቻ ሩን ከሚባለው ብረት የተሠራ ጥሩር ይሸጣል። ደሴቱ ለመድረስ በሦስት የተቆራረጠ ካርታ፣ መርከብና የመርከብ አዛዥ ያስፈልጋል።

አንደኛው ቁራጭ ሜልዛር በሚባል ሰው ቤት፣ በየፎቁ ቁልፍ እየፈለጉ የሚገቡበት ነው። ሁለተኛው በድንኮች ማዕድን ውስጥ ካለ የተቆለፈ በር ጀርባ ነው፤ በሩ የሚከፈተው አራት ዕቃ ሲቀርብለት ነው፦ ሐር፣ የባሕር ሸርጣን ማጥመጃ ቅርጫት፣ ያልተተኮሰ የሸክላ ሳሕን እና የጠንቋዮች መጠጥ። አራቱንም ሰብስባችሁ በአንድ ጊዜ ሂዱ። ሦስተኛው በፖርት ሳሪም እስር ቤት ያለ ጎብሊን እጅ ነው። 10,000 ሳንቲም ይጠይቃል፤ መክፈል ያልፈለገ ሰው በብረቱ ፍርግርግ በኩል በቀስት ወይም በድግምት ይገድለውና ካርታውን በድግምት ይስባል።

መርከቡን እዚያው ፖርት ሳሪም ወደብ በ2,000 ሳንቲም ግዙ። ሥሩ የተቀደደ ስለሆነ ሦስት ሳንቃ፣ 90 የአረብ ብረት ሚስማርና መዶሻ ይዛችሁ ጠግኑት። ድሬይኖር ያለው ሽማግሌው ኔድ አዛዥ ይሆናል። መስፍን ሆራሲዮን ደግሞ የዘንዶ እሳት የሚመልሰውን ጋሻ ጠይቁት፤ በነጻ ይሰጣችኋል። ያለ እሱ የሄደ ሰው ከሁለት ሦስት እስትንፋስ አያልፍም።

ክራንዶር ስትደርሱ ወዲያው ዘንዶዋን አትጋፈጡ። ዋሻው ውስጥ ካራምጃ በሚባለው ደሴት ወዳለው እሳተ ገሞራ የሚያሻግር ስውር በር አለ፤ የሚከፈተው ከክራንዶር በኩል ብቻ ነው። መጀመሪያ እሱን ክፈቱ። ብትሞቱ መርከቡ ስለተሰበረ እንደገና ሳንቃና ሚስማር ከመሸከም ትድናላችሁ፤ ከፖርት ሳሪም በ30 ሳንቲም ወደ ካራምጃ ተሻግራችሁ በእግር ትገባላችሁ። ይህን ያላወቅሁት እኔ መርከቡን ሁለት ጊዜ ጠግኛለሁ።

ከረጢቱን ለዚህ ውጊያ ከምግብ በቀር ምንም አትጨምሩበት፤ ጋሻው ክንድ ላይ ይሁን። ኤልቫርግ ስትወድቅ ራሷን ቆርጣችሁ ወደ ኤጅቪል ውሰዱ። 18,650 የጉልበትና ያንኑ ያህል የመከላከል ልምድ ይቆጠርላችኋል፣ ኦዚያክም ጥሩሩን ያሳያችኋል። ዋጋውን ስትሰሙ ደግሞ ወደ ማዕድን ማውጫው መመለሳችሁ ነው።